ጅዳ ውስጥ ሰው የተጋፋበት ልቤ

ልባችሁን አይታችሁት ታውቃላችሁ? በዓይናችሁ ማለቴ ነው። እኔ አይቼዋለሁ። የጋራዥ በር በሚያህል ስክሪን ላይ፣ ያውም በገዛ እጄ በሰቀልኩት ስክሪን። ብቻዬንም አይደለም ያየሁት፤ ከየአገሩ የመጣ ሐኪም እየተጋፋ አይቶታል። ጅዳ ካለው ሐበሻ መሐል እንደኔ ልቡ የታየ ሰው ካለ ይምጣና እንወዳደር።

ሰይድ እባላለሁ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ሥራዬ ቡዝ መሥራት ነው። ቡዝ ማለት ኤግዚቢሽን ሲኖር ድርጅቶች ዕቃቸውን የሚያሳዩበት ቤት መሳይ ነገር ነው። ከፊት ስታዩት እብነ በረድ ነው፣ ከኋላ ስትዞሩት ኮምፔንሳቶና ቡሎን። ለጥቂት ቀን ይቆማል፣ ከዚያ ይፈርሳል። ማንም አላስተማረኝም። ጅዳ የመጣሁት ሾፌር ሆኜ ነው፤ የሰው ሥራ እያየሁ፣ እያፈረስኩ፣ መልሼ እየገጠምኩ ለመድኩት። አሁን «ኢንጂነር ሰይድ» ይሉኛል። መጀመሪያ እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው እኔው ራሴ ነኝ፤ ሰው ግን ለመደው።

የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ ጊዜ በጣም ደክሞኝ ነበር። እንዲሁ ሥራ የበዛበት ሰው ድካም እንዳይመስላችሁ። መሰላል ላይ ትንሽ ወጣ እንዳልኩ «ቆይ፣ ከዚህ ሆኜ ልየው» እልና ዲዛይን እንደሚመረምር ሰው ዓይኔን ጨፈን አደርጋለሁ። ትንፋሽ እየሰበሰብኩ እኮ ነው። ስተኛ ትራስ ካልደራረብኩ ያፍነኛል። ሲያስለኝ «የጣውላ ብናኝ ነው»፣ እግሬ ሲያብጥ «የጅዳ ሙቀት ነው» እላለሁ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

አብሮኝ የሚሠራው ደስታ ይባላል። እሱ የጎጃም ክርስቲያን፣ እኔ የወሎ እስላም፤ ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ባሕራ ባለው ወርክሾፕ ስንት ዓመት አንድ ላይ አቧራ በልተናል።

«ሰይዶ» ይለኛል፣ «ድሮ ጣውላ ትሸከም ነበር፣ አሁን ምላስህን ብቻ ነው የምትሸከመው።»

«ምላሴ ቀላል መስሎህ ነው?» እለዋለሁ። እሱ ይስቃል፣ እኔ ቁጭ የምልበት ቦታ እፈልጋለሁ።

ባለቤቴ ዘይነባ መካ ነው የምትሠራው፣ ለዑምራ የሚመጡ እንግዶች የሚያርፉበት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ። ጁምዓ ጁምዓ ሄጄ አያታለሁ። ሁለት ልጆቻችን አገር ቤት እናቴ ጋ ናቸው፣ ተማሪዎች።

እንግዲህ ጅዳ ላይ ትልቅ የሕክምና ጉባኤ ይደረጋል ተባለ። ልብን የሚያሳይ አልትራሳውንድ የሚሸጥ አንድ ድርጅት የቡዙን ሥራ ለእኛ ሰጠን። የድርጅቱ የሽያጭ ኃላፊ ሃኒ የሚባል ግብፃዊ ነው፣ ሲጨነቅ ላቡ በጆሮው ሥር የሚወርድ ወፍራም ደግ ሰው።

«ያ ዓም ሰይድ» አለኝ፣ አጎቴ ሰይድ እንደ ማለት ነው፣ «ሰው የሚያልፍበት ሳይሆን ሰው የሚቆምበት ነገር ሥራልኝ።»

ሠራሁለታ! መሐሉን እንደ መድረክ ከፍ አድርጌ አልጋ አስቀመጥኩበት፣ ከአልጋው በላይ ስክሪኑን ሰቀልኩ፣ ከግድግዳው ሥር ረጅም አግዳሚ ወንበር ዘረጋሁ። ከግድግዳው ጀርባ የቁም ሳጥን ያህል ዕቃ ቤት አወጣሁ። የእኛ ሥራ ወግ አለው፤ ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ሠራተኛው ሁሉ ከዓይን ይጠፋል፣ አንድ ሰው ብቻ ዕቃ ቤት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፣ ድንገት ቡሎን ቢላላ፣ መብራት ቢጠፋ ብሎ። «እኔ እቀራለሁ» አልኩ። ደስታ ገርሞት አየኝ። እኔ ግን የፈለግኩት መቀመጥ ነበር።

ተከፈተ። ከዕቃ ቤቱ በስንጥቅ አያለሁ፣ እኛ ጋ ሰው የለም። ፊት ለፊታችን ያለው ቡዝ በማሽን ክንድ ቡና የሚቀዳ ነገር አምጥቷል። ሐኪምም ቢሆን ነፃ ቡና ሲያይ ሰው ነው፤ ሁሉም እዚያ ተኮልኩሏል። በዚህ ላይ እኛ አልጋ ላይ እየተኛ ልቡ እንዲታይ የተቀጠረው ልጅ ቀረ። ስልኩም ዝግ ነው። ማሽኑን የምታሳየው ሱዳናዊት ዶክተር ናት፣ ኢሕሳን ትባላለች። ነጭ ጋውን ለብሳ ባዶ አልጋ አጠገብ ቆማለች።

«ወላሂ ጠፋሁ» ይላል ሃኒ። «እኔ ብተኛ ማሽኑ ስብ ብቻ ነው የሚያሳየው። ማንን ላስተኛ?»

ግድግዳውን ከፍቼ ወጣሁ። ዶክተሯ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች፣ በር መሆኑን አላወቀችም ነበር። ሥራዬ እንደዚያ ነው።

«እኔ አለሁ!» አልኩ። «ውስጤ እንደ መስታወት ነው። ልቤ ደግሞ የወሎ ልብ ነው፣ ቢታይ አያሳፍርም።»

ሃኒ ግንባሬን ሳመኝ። ሸሚዜን አውልቄ በግራ ጎኔ ተጋደምኩ። ዶክተሯ ቀዝቃዛ ቅባት ደረቴ ላይ አፍስሳ ማሽኑን ስታስነካኝ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ነገር መዝለል ጀመረ።

«ይሄ ነው?» አልኳት። «ዘይነባ እንኳን ያላየችውን አየሽብኝ።»

አልሳቀችም። እኔ ቀልጄ ያልሳቀ ሰው ሳይ አንድ ነገር እንዳለ መጠርጠር ነበረብኝ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አንድ ሁለት ነገር እያስረዳች ነበር፣ ከዚያ ማስረዳቷን ተወች። ማሽኑን ዞር አድርጋ አንድ ነገር ስትጫን ስክሪኑ ላይ ቀይና ቢጫ ነገር እንደ ምድጃ እሳት ቦግ አለ።

ቡና ይዞ ያልፍ የነበረ አንድ ሐኪም ቆመ። ጓደኛውን በእጁ ጠራው። ጓደኛው ሌላ ሰው ጠራ። እንደዚህ እንደዚህ እያለ ቡዙ ሞላ! የቡናው ማሽን ሰው ሸሽቶት ክንዱን ለብቻው ያወዛውዛል። ስልክ እያወጡ ስክሪኑን ያነሳሉ፣ በጣታቸው እየጠቆሙ ይከራከራሉ። የሚሉት አይገባኝም፣ ግን ሰው ሲደነቅ ፊቱን አውቃለሁ። ሃኒ በደስታ ላቡ ደርቋል። እኔም ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ እጄን አነሳሁና አወዛወዝኩላቸው። «አህለን ያ ጀማዓ!» አልኩ። አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ፣ አንዷ ግን ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። ነጭ ጢም ያላቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ፎቶ ሳያነሱ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ስክሪኑን ያያሉ።

እንዲህ ዓይነት ልብ አይተው አያውቁም ብዬ አሰብኩ። እሱስ ልክ ነበርኩ።

ሲበተኑ ሸሚዜን ለብሼ ወደ ዕቃ ቤቴ ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ተንኳኳ። ዶክተር ኢሕሳን ናት። በውሃ ካርቶኖቹ መሐል ቆመች።

«ያ አኺ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥርሃል?»

«እኔን? ኧረ እኔ...»

«ትራስ ደራርበህ ነው የምትተኛው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ልብህ» አለች። «ልጅ ሆነህ ጉሮሮህን አሞህ፣ ከዚያ ጉልበትህ አብጦ ያውቃል?»

ያውቃል እንጂ። የትም ቦታ እናቴ አዝላኝ ነበር የምትወስደኝ። ይህን ልነግራት ስጀምር «አፍህን ክፈት» አለችኝና በስልኳ መብራት አየች።

«እንጥልህ የታለ?»

«ተቆርጧላ!» ብዬ ሳቅኩ። «እኛ ጋ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉን ይቆርጡለታል። እኔን የቆረጡኝ ሰውዬ እጃቸው ቀላል ነው ይባል ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እኛም አገር ይደረጋል» አለች። እሷ አልሳቀችም። «ጉሮሮህ መድኃኒት ነበር የሚያስፈልገው። እነሱ እንጥሉን ቆረጡት፣ በሽታው ወደ ጉልበትህ፣ ከዚያ ወደ ልብህ ሄደ። ልብህ ውስጥ ደም የሚያልፍበት አንዱ በር ጠባሳ ይዞ ጠብቧል። ደሙ ወደ ሳንባህ እየተመለሰ ነው። ብናኝ አይደለም የሚያስልህ።»

ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ሰው?»

«እንዲህ ዓይነቱን በመጽሐፍ እንጂ በዓይናቸው ያላዩ ብዙ ናቸው።»

ያ ያወዛወዝኩት እጄ ትዝ አለኝ። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬው አየሁት። ምን ይባላል? ሰው በራሱ ለቅሶ ላይ እንደ ሰርገኛ ሲጨፍር እንደማየት ነው።

«ይድናል?»

«በቀጭን ቱቦ በደም ሥርህ ገብተው በሩን በፊኛ ይከፍቱታል፣ ደረትህ ሳይቀደድ። ግን ከባድ ነገር ካሁኑ አቁም። ጉዳዩም መቆየት የለበትም።»

«ቢቆይስ?»

«ልጆች አሉህ?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው አታቆየው» አለችኝ።

እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ። የእኔ ተእሚን፣ የኢንሹራንስ ካርዴ ማለቴ ነው፣ ለጉንፋንና ለጥርስ ነው። ከፊሌ፣ መኖሪያ ፈቃዴን የያዘው አሠሪዬ፣ ደግሞ ልቡ የታመመ አናጢ ምን ያደርግለታል? ኸሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ መትቶ ወደ አገሬ ይሸኘኛል። አገሬ ስገባ ልቤም አይከፈትም፣ የልጆቼ ትምህርት ቤትም ይዘጋል። ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን መሰላል ላይ እቀራለሁ። ይህን እያሰብኩ ሃኒ ግድግዳውን በርግዶ ገባ።

«ያ ዓም ሰይድ! ነገም አንተ ነህ! ያ ልጅ ቢመጣም አልፈልገውም! አዳራሹ ውስጥ እንደኛ ሰው ያቆመ ቡዝ የለም!»

ምንም አያውቅም። «ኢንሻአላህ» አልኩት።

ዝግጅቱ ከሰዓት በኋላ ለዕለቱ ሲዘጋ አል-ባላድ ሄጄ፣ ባብ መካ ጋ ከሚጠሩት የመካ ታክሲዎች አንዱ ውስጥ ገባሁ። ባሕራን ሳልፍ የወርክሾፓችን በር ተከፍቶ ደስታ ጣውላ ሲያወርድ አየሁት። አንገቴን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

ዘይነባ ወጥ ቤቱ ጓሮ፣ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ በትልቅ ትሪ ሩዝ ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ዛሬ ጁምዓ ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«ማን ሞተ?»

«ገና ማንም።»

ትሪውን አስቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት። እንዴት እንደተኛሁ፣ ሰው እንዴት እንደተጋፋ፣ እጄን እንዴት እንዳወዛወዝኩ ሳይቀር። ጨርሳ ሰማችኝና፦

«ሴት ናት ያየችህ?» አለችኝ።

«ዶክቶራ ናት እኮ።»

«ደረትህን ገልጠህ?»

«ዘይነባ!»

«እሺ፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። ከዚያ ሁሉ ሐኪም አንዱን እንኳን አክመኝ አልከው?»

«እንዴት እላለሁ? ለማኝ ነኝ?»

«አንተ ሰውዬ!» አለች። «ለማያውቅህ ሕዝብ ልብህን ገልጠህ ታሳያለህ፣ አክሙኝ ለማለት ግን ታፍራለህ?»

በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ሽንኩርቱ ነው» አለችኝ። ሽንኩርት አልነበረም፣ ሩዝ ነው የምትለቅመው።

«ብናገር ሃኒ ይሰማል፣ ከፊሌም ይሰማል። ሥራዬ ያልቅለታል» አልኳት።

«ብትሞትስ ሥራህ ይቀጥላል? ነገ ትተኛለህ። ሰው ግጥም ሲል ትጠይቃለህ። ካፈርክ ንገረኝ፣ እኔ በዚህ ሽርጤ መጥቼ መድረክህ ላይ እወጣለሁ።»

ትወጣለች። ዘይነባን አታውቋትም።

በነጋታው ዶክተር ኢሕሳን አልጋው ላይ ስታየኝ ፊቷ ጠቆረ። «የታመመ ሰው መጫወቻ አላደርግም» አለች በሹክሹክታ።

«አብሽሪ ዶክቶራ። ዛሬ እኔ ነኝ የምጠቀምባቸው። አንቺ የምለውን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ መልሽልኝ።»

ወሬው አዳራሹን ዞሮ ኖሮ፣ ገና ስክሪኑ ሲበራ ሰው ሞላ። ሃኒ እጁን እያፋተገ ከዳር ቆሟል። ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌም ያው አግዳሚው ላይ ናቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ። እኔ ያን ጠዋት ቀልድ አልመጣልኝም። ደክሞኝ ነበር። መድከሙም ደክሞኝ ነበር። በክንዴ ተደግፌ ቀና አልኩ።

«ያ ጀማዓ» አልኩ በዓረብኛ። «ትናንትም ዛሬም ልቤን አያችሁ። ፎቶም አነሳችሁ፣ ሐላል ይሁንላችሁ። እኔ ለማሳያ የተቀጠርኩ ሰው አይደለሁም፣ ይህን ቡዝ የሠራሁት አናጢ ነኝ። መታመሜን ያወቅኩት ከእናንተ በኋላ ነው። አሁን ንገሩኝ፣ ከእናንተ ውስጥ ማነው የሚያክመኝ?»

ዶክተር ኢሕሳን በእንግሊዝኛ ደገመችው።

ስልኮቹ ወረዱ። አንዱ «ተእሚንህ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ፣ ነገርኩት፣ ራሱን ነቀነቀ። ሌላው ካርድ ሰጥቶኝ «ጸሐፊዬ ጋ ደውል» አለ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አላህ ያሽርህ» ብሎ ሄደ። ክፋት የለባቸውም፤ የሰው አገር እንግዶች ናቸው፣ የሚበዙት በማግስቱ ይበርራሉ። ግን ቡዙ ሲራገፍ ማየት ነበር! ጥቂት ቆይቶ የቡናው ማሽን ጋ ሰልፍ ሆነ።

ሃኒ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ምን አደረግከኝ ያ ሰይድ? ባዶ አስቀረኸኝ እኮ! ታመሃል? ለምን አልነገርከኝም?» ሊቆጣ ይሁን ሊያለቅስ አላወቀም።

ቅባቱ ደረቴ ላይ እንዳለ ወደ ኋላ ተጋደምኩ። ስክሪኑ ጠፍቷል። አግዳሚው ላይ ሽማግሌው ብቻ ቀርተዋል።

«ያ ሸይኽ» አልኳቸው፣ «አልቋል። ቡናው እዚያ ነው።»

«ቡና ተከልክያለሁ» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱ፣ እንደኔ ደረጃ የሚጠላ ሰው ናቸው። ወደ አልጋው መጥተው ፎጣ አነሱና ሰጡኝ። «መጀመሪያ ደረትህን ሸፍን።»

ሸፈንኩ።

«እኔ ሰው እስኪሄድ ነበር የምጠብቀው» አሉ። «በሕዝብ ፊት በሽተኛ አላነጋግርም።»

ወላሂ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ሰው ያናገሩኝ እሳቸውና ዶክተር ኢሕሳን ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው መካ ባለ አንድ ሆስፒታል የልብ ሐኪም ናቸው። የእኔን ዓይነት በር ሲከፍቱ ነው የሸበቱት። «ለችግረኛ ሕሙማን የሚደርስ ማኅበር አለን፣ ወረቀቱን ለእኔ ተወው» አሉ። «ከፊልህንም እኔ አናግረዋለሁ።» አናገሩትም። ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ከፊሌ ደውሎ «ለምን ዝም አልክ?» ብሎ ጮኸብኝ፣ ከዚያ «ስትድን ና» ብሎ ዘጋው። እኔ ያንን ሰውዬ ስፈራ የከረምኩት ምን አድርጎኝ እንደሆነ እንጃ።

ለሕክምናው በተቀጠርኩበት ዕለት በወርክሾፑ መኪና የወሰደኝ ደስታ ነው። ክርስቲያን መካ አይገባምና መንገዱ የሚለይበት ቦታ ሳይደርስ ከዳር አቆመ። ዘይነባ ታክሲ ይዛ እዚያ ጠብቃኛለች። ቦርሳዬን አውርዶ እሷ ጋ ጫነልኝ።

«ሰይዶ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» አለኝ።

«ማን ና አለህ? ሥራ የለህም?»

«እንዳትሞት እሺ። ያንን ሁሉ ቡዝ ለብቻዬ ልታስፈርሰኝ!»

ሊስቅ ፈልጎ ፊቱን አዞረ። ሥራም አልሠራም ያን ቀን። ባሕራ ቁጭ ብሎ የዘይነባ ስልክ ባትሪው እስኪያልቅ ሲደውል ዋለ።

ቱቦውን ሲያስገቡልኝ እኔ ነቅቼ ነበር። ሽማግሌው ሐኪም ራስጌዬ ላለው ወጣት ሐኪም በቀስታ እየነገሩ ይሠራሉ። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ጫን አለኝ፣ ለአፍታ ዓለም ጨለመብኝ፣ ከዚያ ለቀቀኝ። «አሁን ተንፍስ» አሉኝ። ተነፈስኩ። ገባ! አየሩ ዝም ብሎ ገባ፣ ሳልለምነው፣ ሳልታገለው። የምቀልደው ነገር ብፈልግ አጣሁ። እንባዬ በጆሮዬ በኩል ወረደ። እሳቸውም አላዩም፣ ወይም እንዳላየ ሆኑ።

አሁን እንደ ድሮው ነኝ ብዬ አልዋሻችሁም። መድኃኒት አለኝ፣ ክትትል አለኝ፣ በሩ ተመልሶ ሊጠብ ይችላል ብለውኛል። ጣውላ አልሸከምም፣ የቡዙን ስዕል እሥላለሁ፣ እጮኻለሁ፣ ደስታ ይሸከማል። ይደክመኛል አሁንም፣ ግን ይሄኛው ድካም ተቀምጠው ሲያርፉለት የሚሄድ ነው።

እናንተ በሰው አገር ፎቅ የምታጥቡ፣ ሕፃን የምታሳድጉ፣ ጣውላ የምትሸከሙ፣ ደክሟችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለድካማችሁ እንደኔ ስም አታውጡለት። ብናኝ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ናፍቆት ነው አትበሉ። ሄዳችሁ ጠይቁ። የጠየቃችሁት ሰው ባይመልስ ሌላውን ጠይቁ። ልጃችሁ ጉሮሮዬን ሲላችሁ ደግሞ ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ እንጥሉን ተዉለት። ደግሞም ብዙ ሰው አየኝ ብላችሁ እንዳትሞኙ። ማየትና መርዳት ለየብቻ ነው፤ እኔ ይህን ያወቅኩት ባዶ ቡዝ ውስጥ ተጋድሜ ነው።

በቅርቡ ሌላ የሕክምና ጉባኤ ነበር። ቡዙን የሠራነው እኛ ነን፣ ከበፊቱም ያምራል። ሃኒ ያንን ሕዝብ አልረሳውም መሰለኝ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእኔ ስትል» ብሎ ለመነኝ። ተኛሁለት። ስክሪኑ በራ፣ ልቤ ዘለለ። ሐኪሞች መጡ፣ አለፉ። መጡ፣ አለፉ። አንድ ወጣት ብቻ ቆም ብሎ አየና «ጥሩ ተከፍቷል» ብሎ ወደሚቀጥለው ቡዝ ሄደ። ሃኒ ባዶውን መተላለፊያ አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ።

«ያ ዓም ሰይድ» አለኝ በሐዘን፣ «አበላሹህ እኮ!»

«አልሐምዱሊላህ» ብዬ ሸሚዜን ቆለፍኩ።